ሐምራዊው ፕሬዚዳንት

ስምንት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ የብራዚል ፕሬዚዳንት ራስ የሌለው ሰው ይመስለኝ ነበር። ገላው የሚኖረው እኛ ቤት ነበር፤ በአባቴ መሥሪያ ክፍል ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ፣ በምስማር ተሰቅሎ። ጥቁር ኮት፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ግራጫ ክራባት፣ ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራ ወገቡ የሚወርድ አረንጓዴና ቢጫ ጥብጣብ። ከአንገቱ በላይ ባዶ ወረቀት ነበር። ራሱ ከዋና ከተማ በፖስታ ይመጣል ብዬ ነበር የማስበው። ደግሞም ይመጣ ነበር።

አባቴ አርዤሚሮ ፎቶ ቀቢ ነበር። በእኛ ደረቅ አገር ያኔ ካሜራ ብርቅ ነው። ሰው በዕድሜው አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ፣ ለመታወቂያ ብሎ የሚነሳት ከአውራ ጣት የማትበልጥ ፎቶ ነበረችው። አባቴ ያቺን ፎቶ ያሳድግና ቀለም ይቀባታል። ኮት ለብሶ ለማያውቅ ገበሬ ኮትና ክራባት ያለብሰዋል፤ ጆሮዋ ላልተበሳ ሴት የወርቅ ጉትቻ ያደርግላታል። አብረው ሳይነሱ ሞት የለያያቸውን ባልና ሚስት ጎን ለጎን ያቆማቸዋል። ሬሳ ሣጥን ውስጥ ተኝቶ የተነሳውን ሰው ዓይኑን ይገልጥለታል፣ ጉንጩንም ትንሽ ቀላ ያደርግለታል።

የከተማችን የላዤዶ ሰው ግን ከፊቱም ከኮቱም በፊት የሚያየው ከራስ ኋላ ያለውን ቀለም ነበር። በሕይወት ያለ ሰው ከኋላው ሰማያዊ ነው፤ የሞተ ሰው ፈዛዛ ሐምራዊ። ማን እንደጀመረው አባቴም አያውቅም፤ እሱ ከአጎቱ ነው የተማረው። የከተማችን ሰው ጎረቤት ቤት ሲገባ መጀመሪያ ግድግዳውን ይቃኛል። ሐምራዊ ካየ ባርኔጣውን አውልቆ ያማትባል፣ ሰማያዊ ካየ "ጌታው የት ሄዱ?" ብሎ ይጠይቃል። ባል ሲሞት ሚስት ፎቶውን ተሸክማ ትመጣለች፤ አባቴም ሌላውን ሳይነካ ጀርባውን ብቻ ይለውጥላታል።

ጎረቤታችን ዶና ኩስቶዲያም ባሏን ሊበራቶን እንዲህ አስለውጣ ነበር። ከለወጠላት በኋላ ግን የክራባቱ ቀይ ቀለም አላስተኛትም። ሊበራቶ ቀይ ነገር ጠልቶ ነው የሞተው፣ ሞቶ ደግሞ በቀይ ክራባት ታንቆ ሊኖር ነው ወይ ትላለች። በየቅዳሜው መጥታ ደጃፋችን ላይ ትቀመጥና ይህንኑ ትደግማለች። አባቴም በየቅዳሜው ለሚመጣው ሳምንት ቃል ይገባላታል። አንድም ቀን አልሠራላትም፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሲነዘንዙት ደስ የሚለው ሰው ነበር።

የፕሬዚዳንቱ ገላ ወደ ቤታችን የመጣው በከንቲባው በታርዢኖ ምክንያት ነው። ታርዢኖ የክርስትና አባቴ ነው፤ ለአባቴ አበልጅ። ጄኔራሎቹ መንግሥቱን ሲይዙ ከዋና ከተማ የተላከው የመጀመሪያው ጄኔራል ፎቶ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን ቢሮው ሰቀለው። ትምህርት ቤቱ፣ ፖስታ ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና ቄራው ግን ባዶ ግድግዳ ቀረላቸው። አባቴ ሠርቶ ሰጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለተኛው ጄኔራል ሲመጣ አባቴ ሥራውን ከሥሩ ሊጀምር ወረቀት ሲቆርጥ ከንቲባው ከለከለው። ገላው ምን ሆነ አለ፤ ኮቱ ያው፣ ጥብጣቡ ያው፣ ራሱን ብቻ ቀይርልኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ትርፍ ገላ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ራሱን ይጠብቅ ነበር። ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ አራት ፕሬዚዳንቶች በተርታ አስተኝቶ አንገታቸውን በምላጭ ሲቆርጥ ቆሜ አየሁ። ያኔ ነው የገባኝ፤ መንግሥት የሚለወጠው እንዲህ ነው፣ የሚለውጠውም አባቴ ነው።

ዛሬ ሳስበው ከትምህርት ቤታችን መጽሐፍ ይልቅ እኔ ነበርኩ ለእውነቱ የቀረብኩት። መጽሐፉ ፕሬዚዳንቱ ይመረጣል ይል ነበር። ጥቂት ባለ ኮከብ ሰዎች በተዘጋ ክፍል ተቀምጠው ከመካከላቸው አንድ ራስ ይመርጣሉ፤ ከዚያ የሕዝብ ተወካይ የሚባሉት ተጠርተው እጃቸውን ያወጣሉ፤ ከዚያ ጥብጣቡ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ይዛወራል። ገላው ያው ነው። የአባቴ ምላጭ ቢያንስ የተሳለ ነበር።

እንግዲህ በ1969 ኦገስት ሲያልቅ ሬዲዮው ፕሬዚዳንቱ ትንሽ አሞታል አለ። ጉንፋን ነው ተባለ። ቀጥሎ ደግሞ ሦስት ሚኒስትሮች፣ አንዱ የምድር ጦር፣ አንዱ የባሕር፣ አንዱ የአየር፣ እስኪሻለው ድረስ ሥራውን እንደያዙለት ተነገረ። ምክትል ፕሬዚዳንት የሚባል ሰውም ነበር፤ ሕጉ ቦታውን ለእሱ ይሰጠዋል፤ እሱ ግን የወታደር ልብስ ስላልነበረው ቤቱ እንዲቀመጥ ተደረገ።

በማግሥቱ ክርስትና አባቴ የእሑድ ባርኔጣውን አድርጎ መጣ። እኔ እንደ ወጉ ሮጬ እጁን ሳምኩና "ይባርኩኝ" አልኩት፤ "ይባርክሽ ልጄ" ብሎ ከኪሱ የሸንኮራ ስኳር ቁራጭ ሰጠኝ። ጠረጴዛው ሥር ገብቼ እየጠባሁ አዳመጥኳቸው። የነጻነት በዓል ሊደርስ ሳምንት ነው የቀረው፤ ትምህርት ቤት ያለው ፎቶ ደግሞ ፀሐይ መትቶት የፕሬዚዳንቱ ፊት እንደ ዱቄት ነጥቷል። በሰልፉ ፊት የሚያዝ አዲስ ፎቶ ያስፈልጋል። የማን?

"አንድ ምስማር ነው ያለኝ" አለ ከንቲባው። "ሦስት ሰው የት ልስቀል?"

"ምክትሉን ይስቀሉት፣ አበልጄ" አለ አባቴ ብሩሹን እያጠበ።

"ምክትሉ ሲቪል ነው።"

"ምስማሩ ሲቪል አይችልም?"

ከንቲባው አልሳቀም። ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋና ተመልሶ ተቀመጠ። በመጨረሻ ከመሳሳት የታወቀውን መድገም ይሻላል ብሎ ወሰነ፤ ያንኑ የታመመውን ሰው፣ በአዲስ ቀለም፣ ትልቅ አድርገህ ሥራልኝ አለ።

"በሕይወት አለ?" አለ አባቴ።

"ጉንፋን ነው አልኩህ እኮ።"

"በጉንፋን የተኛ ሰው ሦስት ወራሽ አያስቀምጥም።"

"አንተ ቀለምህን ቀባ" አለው ከንቲባው። ሲወጣ እንደገና እጁን ሳምኩት። የፕሬዚዳንቱን ራስ የሚጠብቅ ሰው ዘመድ በመሆኔ ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

አባቴ አምስት ቀን ሠራ። በስድስተኛው ቀን ጧት እናቴ አልዜኒር ቁርሱን ልትሰጠው ገብታ ሳህኑን እንደያዘች ቀረች። እኔም ከኋላዋ ገባሁ። ፕሬዚዳንቱ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ጉንጩ ቀላ ብሏል፣ ጥብጣቡ ያበራል፣ ከራሱ ኋላ ያለው ሁሉ ግን ሐምራዊ ነው፤ ዝናብ ከመጣሉ በፊት እንዳለው ሰማይ ያለ ሐምራዊ።

"ይኼ ምን ቀለም ነው?" አለች እናቴ።

"ሰማያዊው አለቀብኝ።"

"አርዤሚሮ፣ ይወስዱሃል።"

"ቀለም አለቀብኝ ተብሎ ሰው አይወሰድም" አላት፤ የበቆሎ ኩስኩሱንም ተቀብሎ መብላት ጀመረ።

እናቴ ቀኑን ሙሉ እጇ አላረፈም፤ የታጠበውን ዕቃ ደግማ ታጥባለች። እኔ ሌላ ሐዘን ይዞኝ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ሞቷል ማለት ነው፤ አባቴ ከሬዲዮው በፊት አውቋል፤ ለካስ ራስ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚነገረው ለእሱ ነው። ጓሮ ወጥቼ አበባ ቆረጥኩና ከፎቶው ሥር አስቀመጥኩ። አባቴ አየኝና አበባውን አነሳው፤ ለማንም ስለዚህ እንዳላወራ ነገረኝ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። የመንግሥት ምስጢር ስለተካፈልኩ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

ለሰልፉ ፎቶው በነጭ አንሶላ ተሸፍኖ ከቤታችን ወጣ። ከንቲባው ገልጦ ሳያየው ነው የተረከበው፤ ንግግሩን በቃሉ ሲያጠና ነበር። አደባባዩ ላይ ርእሰ መምህርቷ አንሶላውን ስትገፍፍ የባንዱ ጥሩምባ ጮኸ፤ እኛ ልጆችም ባንዲራችንን ይዘን ተነሳን። ሃያ እርምጃ አልሄድንም። መንገድ ዳር ከቆሙት ወንዶች አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ከጎኑ ያለውም አወለቀ፤ ከዚያ መንገዱ በሙሉ ራሱን ገለጠ። ዶና ኩስቶዲያ አቧራው ላይ ተንበርክካ የሙታንን ጸሎት ስትጀምር ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏት። ከበሮ መቺው ዘወር ብሎ ፎቶውን አየና ምቱን አዘገየ። ጥሩምባው ለቀብር የሚነፋውን ዜማ አነሳ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወልም ማን እንዳዘዘው ሳይታወቅ ነጠላ ነጠላውን መደወል ጀመረ። የነጻነት በዓል ሰልፋችን ቀብር ሆኖ መድረኩ ፊት ደረሰ።

ክርስትና አባቴ መድረኩ ላይ ፈገግ ብሎ ነበር የቆመው። ሐምራዊውን ሲያይ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ባርኔጣውን አወለቀ። እሱም የላዤዶ ልጅ ነው፤ ግድግዳ ማንበብ ያውቃል። በዚያች ደቂቃ በጭንቅላቱ ያለፈውን ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያስቆጣኛልም። ማን ሞተ፣ እንዴት ሞተ አላለም። የአጎራባች ከተማ ከንቲባ ቀድሞኝ ሐዘኑን ገልጦ ይሆን ነው ያለው። ንግግሩን ትቶ ከመድረኩ ዘለለ፤ ቴሌግራፍ ቤቱን አስከፍቶ ለዋና ከተማ ላከ። ቃሉን ቴሌግራፈኛው ለከተማው ሁሉ ስላነበበው እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ፤ "የላዤዶ ሕዝብ በክቡር ፕሬዚዳንቱ ሞት በጥልቅ ሐዘን ላይ ነው። ለሦስቱ ክቡራን ወራሾች መጽናናትን እንመኛለን።"

ወራሾች የምትለዋ ቃል የአባቴ ነበረች። ሰውየው የራሱ ቃል አልነበረውም።

በሦስተኛው ቀን ጂፕ መጣ። ከውስጡ ወጣት መቶ አለቃ ወረደ፤ ጨዋ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ከአንገቱ ላይ አቧራ በመሐረብ የሚጠርግ። ፕሬዚዳንቱ በሕይወት እያለ ላዤዶ የቀበረችው በማን ትእዛዝ እንደሆነ ነው የሚጠይቀው። ከተማው እንዳለ ቃሉን አንድ አደረገ፤ ማንም ሳይመክራቸው። ርእሰ መምህርቷ ቀለም ቀለም ነው አለች። ከበሮ መቺው እጄ ዝሎ ነው አለ። ዶና ኩስቶዲያ ደግሞ ለዝናብም እጸልያለሁ፣ ለፍየሎቼም እጸልያለሁ፣ ጸሎት ለሞተ ብቻ ነው ያለህ ማን ነው ብላ ጠየቀችው። እሱም ይህን ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ስለ ሐምራዊው አንድም ሰው አልተነፈሰም።

ከንቲባው ግን የቴሌግራሙ ፊርማ አለበት። የእኔ ስህተት አይደለም፣ ሠዓሊው ነው ያሳሳተኝ አለና መቶ አለቃውን እየመራ ወደ ቤታችን አመጣው። እንደ ልማዴ ሮጬ እጁን ሳምኩ። እጁ ቀዝቅዞ ነበር።

አባቴ ተረጋግቶ መለሰ። ሰማያዊው አልቆ ነበር አለ፤ ከፎርታሌዛ ከተማ የሚያመጣልኝ ሹፌር ዘገየ፣ በዓሉ ደረሰ፣ ያለኝን ቀባሁ። መቶ አለቃው መደርደሪያውን አየ፣ ጠርሙሶቹን አየ። ቀለም የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ደክሞትም ነበር። ማስታወሻውን አጥፎ ወደ በሩ ዞረ። እናቴ ትንፋሿን ስትለቅ ሰማኋት።

ያን ጊዜ ነው ክርስትና አባቴ ራሴን በእጁ የነካኝ። "እስቲ ለመቶ አለቃው ንገሪው፣ ልጄ" አለኝ። "አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ የአባትሽን ሥራ ሁሉ ታውቂያለሽ።"

አውቅ ነበርና። ከተማው በሙሉ የአባቴን ሥራ ሲያቃልል፣ ቀለም ቀለም ነው ሲል፣ ሁለት ቀን አብግኖኝ ነበር። አሁን ከዋና ከተማ የመጣ ሰው ፊት ለአባቴ የሚገባውን ክብር የማሰጠው እኔ ነኝ። መቶ አለቃውን እጁን ይዤ ወደ ሳሎን ወሰድኩት። ይቺ አያቴ ናት አልኩት፣ ሐምራዊ፣ ሞታለች። ይኼ አጎቴ ነው፣ ሰማያዊ፣ ሳልቫዶር ከተማ ነው ያለው። ይኼኛው መጀመሪያ ሰማያዊ ነበር፤ ወንዝ ሲወስደው አባቴ ሐምራዊ አደረገው።

"ሐምራዊ የሚሆነው የሞተ ብቻ ነው?" አለኝ መቶ አለቃው፣ ዝቅ ብሎ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

"አባቴ ተሳስቶ አያውቅም" አልኩት።

ዞር ስል አባቴ እያየኝ ነው። ፈገግ አለልኝ፤ ያ ፈገግታ ዛሬም ከፊቴ አይጠፋም። ከዚያ እናቴን ባርኔጣዬን አቀብይኝ አላት። እናቴ ባርኔጣውን ይዛ አልሰጥም አለች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቅቆ ወሰደው። እኔ የገባኝ ሌላ ነው። መቶ አለቃው ሞያውን ስላወቀለት ወደ ዋና ከተማ ሊወስደው ነው፤ ሦስቱን ሰዎች በአንድ ገላ ላይ እንዴት እንደሚያስቀምጣቸው ሊያማክሩት። ጂፑ ኋላ እየሮጥኩ ባንዲራዬን አውለበለብኩለት። ማታ እናቴ ስታለቅስ ናፍቆት ነው አልኩ።

በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሄጄ አባቴ ለፕሬዚዳንቱ አዲስ ራስ ሊመርጥ ሄዷል ብዬ አወራሁ። ርእሰ መምህርቷ ከበስተኋላ መጥታ አፌን በመዳፏ ያዘች። መዳፏ ጠመኔ ጠመኔ ይላል። እኔም ቀናችብኝ አልኩ።

አባቴ ሃምሳ ሦስት ቀን ቆየ። ፎርታሌዛ በሚገኝ ጦር ሰፈር ውስጥ ነው የነበረው፤ ይህንን ያወቅሁት አድጌ ነው። እነዚያ ጌቶች መሣሪያና ታንክ፣ መርከብና አውሮፕላን ነበራቸው፤ አንድ ፎቶ ቀቢ በአንድ ጣሳ ሐምራዊ ቀለም አስደነገጣቸው። ሬዲዮ የነገረህ ማን ነው፣ ቡድንህ የት ነው፣ አለቃህ ማን ነው እያሉ ነበር የሚጠይቁት። ቀለም የሚያነብ ከተማ አለ ብሎ ማመን አልሆነላቸውም።

በሙታን መታሰቢያ ቀን፣ ሰው ሁሉ መቃብር በወጣበት ሰዓት፣ በጭነት መኪና ተጭኖ መጣ። ሮጬ እጁን ልስም ስይዘው ጮኸ። የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች ጠምመው፣ እርስ በርስ ተጣብቀው ደርቀው ነበር። የጂፕ በር ያዘኝ አለኝ። አመንኩት። ለዓመታት ጂፕ ባየሁ ቁጥር እጄን ኪሴ እከት ነበር።

በተመለሰ በሳምንቱ ከንቲባው ሁለት ትእዛዝ ይዞ መጣ። ባለ ኮከቦቹ ክፍላቸውን ዘግተው ሦስተኛ ጄኔራል መርጠዋል፤ የአዲሱ ራስ ፖስታ ደርሷል። እሱን ሥራ፤ የታመመውንም ሰው፣ ከሥልጣን ቢወርድም በሕይወት አለና፣ ጀርባውን ሰማያዊ አድርገህ መልስ፣ ከላይ የመጣ ቃል ነው። ፊት መሥራት ለአባቴ ከእንግዲህ አልሆነም፤ ቀጭኑ ብሩሽ ከጣቶቹ ሾልኮ ይወድቃል። የአዲሱን ሰው ራስ ከተላከው የታተመ ፎቶ ቆርጦ ለጠፈው። የታመመውን ጀርባ ግን በሰፊ ብሩሽ፣ በግራ እጁ፣ ሰማያዊ አደረገው። ቀለሙን ከየት አመጣህ ያለው የለም።

ወር ከግማሽ ሳይሞላ፣ የገና በዓል ሊደርስ ሲል፣ የታመመው ሰው ሞተ። አሁን እውነተኛ ሞት ነው፤ ሬዲዮው ራሱ አለ። ክርስትና አባቴ ጥቁር ክራባት አስሮ እየሮጠ መጣ። ነገ የጸሎት ሥነ ሥርዓት አለ፣ ፎቶው ቤተ ክርስቲያን ይቆማል፣ ቶሎ ብለህ ሐምራዊ አድርግልኝ፣ አበልጄ፣ አለ።

አባቴ በግራ እጁ ብርቱካን እየላጠ ነበር። ቀና ብሎም አላየው።

"አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አልገድልም" አለ።

ከንቲባው ለመነ፣ ዛተ፣ የእኔን ክርስትና አነሳ። አባቴ ብርቱካኑን ላጦ ጨረሰና ግማሹን ለእኔ ሰጠኝ። በማግሥቱ ሰማያዊው ፕሬዚዳንት ጥቁር ጨርቅ ተደርቦበት መሠዊያው አጠገብ ቆመ። ሰው መጣ፣ አየ፣ አንድም ወንድ ባርኔጣውን አላወለቀም። ከንቲባው በዓይኑ ሲያስፈራራት ዶና ኩስቶዲያ እኔ አንዴ አልቅሼለታለሁ አለች፤ ድምፅዋንም ዝቅ አላደረገችም።

እኔ ግን የከንቲባውን እጅ መሳም አላቆምኩም። እስከ አሥራ አምስት ዓመቴ ሳምኩት። ይህን የምናገረው ሌላውን ስኮንን ራሴን እንዳልዘል ነው።

ያደረግሁት ነገር የገባኝ አሥራ ሰባት ሲሆነኝ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ያለምንም ምክንያት ነው። የመቶ አለቃው ማስታወሻ ሲታጠፍ፣ ከዚያ እጁን ይዤ ወደ ሳሎን ስወስደው ታየኝ። ወርጄ የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ለአባቴ ለመናገር ሌላ ሰባት ዓመት ፈጀብኝ።

የመጨረሻው ጄኔራል ቤተ መንግሥቱን የለቀቀ ዕለት ነበር፤ ጥብጣቡን ለተተኪው ላለማጥለቅ ብሎ በጓሮ በር ወጣ። አባቴ በጎረቤት ቴሌቪዥን አይቶ ሲስቅ ዕንባው ፈሰሰ። ሃያ አንድ ዓመት አምስት ራስ ተሸክሞ ያ ገላ በመጨረሻ እንደ ዶሮ ሌባ ወጣ አለ። ቤት ስንገባ ነገርኩት። እኔ ነኝ ያስወሰድኩህ አልኩት።

"አውቃለሁ፤ ቆሜ እኮ ነበር" አለኝ።

"ሰማያዊው እውነት አልቆ ነበር?"

"ሁለት ጠርሙስ ነበረኝ፤ አልጋው ሥር።" ጠማማ ጣቶቹን በደህናዎቹ አሻሸ። "ሰው ሬዲዮ አያምንም፣ ከንቲባ አያምንም። የእኔን ግድግዳ ያምናል። እሱንም ልዋሸው?"

"ተቆጥተኸኝ ነበር?"

"አፍሽን ልይዘው ፈልጌ ነበር" አለ። "ከዚያ ደግሞ፣ ከተማው ሁሉ ቀለም ቀለም ነው ሲል አንድ ሰው ሥራዬን አወቀልኝ አልኩ።"

ይህ ያጽናናኛል ብሎ ነው የነገረኝ። አላጽናናኝም። ጣቶቹን እያየሁ ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሞተ። በሰባተኛው ቀን ጸሎት ዋዜማ የመታወቂያ ፎቶውን አሳድጌ ለመቀባት ተቀመጥኩ። ሞያው የለኝም፤ ኮቱ ጎበጠብኝ፣ አንዱ ጆሮ ተንሻፈፈ። ሐምራዊው ጠርሙስ ከፊቴ ነበር። አልጋው ሥር ገብቼ ከሁለቱ ሰማያዊ የተረፈውን አወጣሁ፤ ክዳኑ ደርቆ በቢላ ነው የከፈትኩት። ጀርባውን በሙሉ፣ እስከ ክፈፉ ጠርዝ ድረስ፣ ሰማያዊ አደረግሁት። በሕይወቴ ለሁለተኛ ጊዜ ስለ አባቴ መሰከርኩ፤ አሁን ውሸት እንደሆነ እያወቅሁ።

ከጸሎቱ ሲመለሱ ጎረቤቶቹ ገቡ። ግድግዳውን ቃኙ፣ እርስ በርስ ተያዩ። ባርኔጣ ያወለቀ አልነበረም። ዶና ኩስቶዲያ ሰማንያ ሊሞላት ትንሽ ነው የቀራት፤ በከዘራዋ እስከ ፎቶው ድረስ ሄዳ ከአፍንጫዋ ጋር አስጠግታ ብዙ አየችው። በቀብሩ ዕለት መቃብሩ ላይ አፈር ስትመልስ ከጎኗ ነበርኩ። ተመልሳ የልማድ ወንበሯን ሳበችና ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

"ሲመጣ ንገሪልኝ" አለችኝ። "የሊበራቶ ክራባት አሁንም ቀይ ነው።"